ቶሎ የማይጠፋው አረንጓዴ

እኔ እኮ ኮምፒዩተሩን የወደድኩት በዘሩ ምክንያት ነው፤ አልዋሽም! ዘሩ ከአዲስ አበባ የመጣ የእርሻ ድርጅታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ሻይ ላደርስለት ስገባ ያስረዳኛል። ሲያስረዳ ደግሞ እጁ! ወይኔ እጁ!

"አየሽ፣ ባየሽ፣ መስታወቱ ከውስጥ ዱቄት ተቀብቷል። ከኋላ ጨረር ሲመታው ያበራል። ባለቀለምም አለ፤ የኛው አረንጓዴ ብቻ ነው። ዱቄቱ ሰነፍ ነው፤ ጨረሩ ቢቆምም ቶሎ አይጠፋም። ለዚህ ነው ፊደሉ የማይርገበገብብሽ።"

"ይቺ ማዞሪያስ?"

"ብርሃን መቀነሻ ናት። ብታጨልሚውም ጽሑፉ እዚያው ነው።"

አለቃው ጓድ ፈንቴ ይህን አያውቁም። ምሳ ሲወጡ ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻ ያዞሩና "አጠፋሁት!" ይላሉ። እኛ በሆዳችን እንስቃለን።

የዚያን ማክሰኞ ግን ዘሩ አብደራፊ ሄዷል። ሰሞኑን እዚህ መተማ ላይ ወጣት ለውትድርና ይታፈሳል። ወንድሜ አምባው የድርጅቱ ትራክተር ነጂ ነው፤ "የእርሻ ሠራተኛ አይነኩም" እያለ እናታችንን ያጽናናል።

ብርጭቆ ልሰበስብ ስገባ ቢሮው ባዶ ነው። ፀሐይ ፊደሉን እንዳትበላው መስኮቱ በካርቶን ስለተሸፈነ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እጄ አላርፍ አለ! ማዞሪያዋን ጠመዘዝኳት።

የሠራተኞች ስም ዝርዝር። ከላይ "ምልምል ወታደሮች"፣ በእንግሊዝኛ፤ ትምህርት ቤት የለመድኩት አልጠፋብኝም። ሰባተኛው አምባው። ቀኑ የነገ።

በሩ ተከፈተ። ማዞሪያዋን መለስኳት። ፊደሎቹ ግን ቀስ እያሉ፣ እየለገሙ ነው የጠፉት። ጓድ ፈንቴ በሩ ላይ ቆመው እያዩ ነው።

"እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?"

"ኧረ እኔ! አማርኛውንም በግድ ነው፣ ጋሼ!" ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"አምባው ዛሬ የት ነው የሚያርሰው?"

"ሳ... ሳንጃ ተልኳል።"

"ሳንጃ።" ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "እሺ። ሂጂ።"

እስከ አጥሩ በር በቀስታ ሄድኩ። ከዚያ ሮጥኩ! አምባው ያለው ድንበሩ ጥግ ነው፤ ደረቁን ወንዝ ከተሻገረ ሱዳን ነው፣ አይነኩትም። የትራክተሩ ድምፅ መሰማት ሲጀምር ከኋላዬ የድርጅቱ ላንድሮቨር መጣች። ሳንጃ መንገድ ላይ አልወጣችም። ቀስ ብላ በኔ ዱካ ነው የምትመጣው።

ለካ እየመራኋቸው ነው!

ወደ ግራ፣ ወደ ገበያው ታጠፍኩ። መኪናዋም ታጠፈች። የትራክተሩ ድምፅ ከኋላዬ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አምባው ምንም ሳያውቅ እያረሰ ነው። እኔም መቆም ፈርቼ መራመዴን ቀጠልኩ።