ያልተሞላው ግድግዳ

"ጋሼ፣ ያንን ነገር ያቁሙት እስቲ! ተጀመረ።"

አናጺው መሰርሰሪያውን አጠፋ። መሰላል ላይ ቆሞ ለትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት መደርደሪያ እየገጠመ ነበር፤ አራተኛው ብሎን ገና አልጠበቀም። ከታች ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ፣ በጠመኔ ካርቶኖች መሀል ተደላድላ ሹራብ ትሠራለች።

"ምኑ ነው የተጀመረው?"

"የምክር ክፍሉ ነዋ! ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹ ቀጠሮ አላቸው። ከሬዲዮ ይሻላል ስልዎት።"

ጆሮውን ጣል አደረገ። ከግድግዳው ማዶ የአንድ ወንድ ልጅ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ፈተና ሲመጣ እጁን እንደሚያልበው፣ የሚያውቀው ሁሉ እንደሚጠፋበት፣ ባለፈው ወረቀቱን ባዶውን እንደመለሰ ለመምህርቷ ይነግራታል።

"እኔንም ደመወዝ ስፈርም ያልበኛል፤ ማን መከረኝ?" አለች ዕቃ ቤት ጠባቂዋ፣ ዓይኗን ከሹራቡ ሳታነሳ።

አናጺው ሳቀ። ሳይቸግረው ሳቀ። ከዚያ ግድግዳውን አየና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

የራሱ ሥራ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ አንዱን ሰፊ ክፍል ለሁለት እንዲከፍል ታዞ፣ ቋሚ እንጨት አቁሞ ግራና ቀኝ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ መታበት። ወጣቷ የምክር መምህርት ሥራው ሳያልቅ ሦስት ጊዜ እየመጣች፣ "አደራዎን፣ በሁለቱ መሀል ሰጋቱራ ይጠቅጥቁበት። ልጆቹ የሚነግሩኝ ከክፍሉ መውጣት የለበትም" ብላው ነበር። ሰጋቱራ እንደሆነ ወርክሾፑ ውስጥ በጆንያ ሞልቶ የሚጣል የእንጨት ብናኝ ነው። መጠቅጠቁ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ደግሞስ ልጅ ምን ምስጢር አለው? በእሱ ጊዜ ምክር ማለት አርጩሜ ነበር፤ እሱም በዚያው አደገ። መሀሉን ባዶውን አሽጎ ቀለም ቀባውና፣ "ሞልቼዋለሁ ልጄ፣ አይዞሽ" አላት። መምህርቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ጨብጣ አመሰገነችው። ማታውኑ ወርክሾፕ ሄዶ፣ "ለልጆች ወሬ ግድግዳ አልብስ ተባልኩ" ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀ።

ወንዱ ልጅ ወጣ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ወንበር ተሳበ።

"ይቺን ደግሞ ይስሟት" አለች ዕቃ ቤት ጠባቂዋ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ተራው የግንዲላ ነው።"

"ማን?"

"ግንዲላ! አባቷ ነው አሉ እንዲህ ብሎ የሚጠራት፤ ያውም በሰው ፊት። እዚሁ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አጫወትኳት። የእሷን አፍ መቼም አያውቁትም! በሦስተኛው ቀን ግቢው በሙሉ ግንዲላ ይላታል።"

አናጺው ወደ ግድግዳው ዘወር አለ። ሴት ልጁ በዚሁ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ይህን አታውቅም። እሱም ቢሆን ልጁ የምክር ክፍል ትገባለች ብሎ በሕልሙም አላሰበ።

"ቲቸር፣ ዛሬ የመጣሁት ልሰናበትዎት ነው" አለ የሴት ልጁ ድምፅ።

"ምነው ልጄ? ምን ተፈጠረ?"

"ያንን ስም ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩት። ለጓደኛዬ እንኳን አልነገርኩም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ልጆች በር ላይ ጠብቀው፣ 'ግንዲላ፣ መጥረቢያ እናምጣልሽ?' አሉኝ። ከየት ሰሙት?"

"ከእኔ አልሰሙም።"

"ታዲያ ከማን? እዚህ እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን።"

የመምህርቷ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

"ልክ ነሽ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ሳስበው ነው የከረምኩት። እኔ ግን አልተናገርኩም።"

"እሺ" አለች ልጅቱ። ያላመነ ሰው እሺታ ነበር።

"ንባባችንስ? ስንጀምር አንድ መስመር ሲያቅትሽ አልነበረም? ያቺን ቁራጭ ካርቶን ከመስመሩ ሥር እያስጠጋሽ ባለፈው ሐሙስ ሙሉ ገጽ አነበብሽልኝ። አሁን ብትተዪው..."

"እቤት ብቻዬን እሞክራለሁ።"

"እቤት ማን ያዳምጥሻል?"

"ማንም።" አለች ልጅቱ። "አባቴ እዚህ እንደምመጣ ቢሰማ ጉዴ ይፈላል። የምክር ክፍል የእብድ ነው ይላል። ክፉ ሆኖ እንዳይመስልዎት፤ ሰው ማሳቅ ስለሚወድ ነው። ሠራተኞቹ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ካልሳቅኩ እሱ ያፍራላ።"

አናጺው መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።

ምሳውን ይዛለት ወርክሾፕ ስትመጣ ታየችው። "ግንዲላ መጣች! መላጊያ የማይበግራት!" ይላል እሱ፤ ሦስቱ ሠራተኞች ይስቃሉ፤ ልጁም ሳህኑን አስቀምጣ ትስቃለች። መሳቋን እንደ ደስታ ቆጥሮት ነበር። ፊደሎቹ እየተደራረቡባት፣ መስመሩ እየጠፋት እንደምትቸገር አንድም ቀን አልጠየቃትም። ካለፈው ወር ጀምሮ የኮላውን ጣሳ ጽሑፍ፣ የመንገዱን ማስታወቂያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀምራለች። ከአርባ የማያልፈው ውጤቷ ስድሳ ሁለት ገባ። ያን ቀን ወረቀቱን ለሠራተኞቹ እያሳየ፣ "አያችሁ፣ ስድቡ ጠቀማት" ብሎ ነበር። ይህን ማለቱ አሁን ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቀስ ብሎ ወረደ። ካቻቢቴውንና መሰርሰሪያውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

"መደርደሪያውስ ጋሼ?"

"እመለሳለሁ።"

"ምነው፣ አመመዎት እንዴ? ፊትዎ ልክ አይደለም።"

ሳጥኑን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ደረሰ። እጀታውን ያዘ። ከማዶ ማንም አላየውም፤ ቢሄድ የሚጠይቀው የለም። ከማዶ የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማው። ልጁ ልትሄድ ነው፤ ከሄደች አትመለስም። ግትርነቷ የእሱ ነው፣ ያውቀዋል። መምህርቷም ያላወራችውን አወራች ተብላ ትቀራለች፤ የሚቀጥለው ልጅም፣ ያ እጁን የሚያልበው፣ አፉን ይዘጋል።

ዞሮ ሄዶ የዚያኛውን ክፍል በር ማንኳኳት ይችል ነበር። ግን ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ እሱም ራሱን ያውቃል። እዚያ እስኪደርስ አንድ ውሸት ያበጃል። ሰጋቱራው ወደ ታች ተንሸራቶ ይሆናል፣ አይጥ በልቶት ይሆናል ይላል። ከሁሉም በላይ፣ ሲያዳምጥ እንደነበረ ይደብቃል።

ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። በጣቱ አንጓ መታው። እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

"ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት!" ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ብድግ አለች፤ የሹራብ ክሩ ከጉልበቷ ተንከባለለ። "ምን ሊያደርጉ ነው? ከእንጀራዬ ሊያፈናቅሉኝ ነው?"

"ስለ አንቺ አላወራም። የራሴን ነው የምናገረው።"

"ማነው?" አለች መምህርቷ ከማዶ።

ለግድግዳው ቀረብ አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነው የተናገረው።

"መምህርት፣ ያንን ወሬ ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም። ግድግዳው ነው። ሰጋቱራ ሞልቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነበር፤ ምንም የለበትም። ዕቃ ቤት የተቀመጠ ሰው የምትሉትን በሙሉ ይሰማል። እኔም ሰምቻለሁ። ቅድም የነበረውንም ልጅ ሰምቼ ስቄበታለሁ።"

ዕቃ ቤት ጠባቂዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለች መምህርቷ። "አናጺው ነዎት?"

አዎ ቢል ውሸት አይሆንም። ልጁም ከግድግዳ ማዶ የሚመጣውን ድምፅ ላትለየው ትችላለች። ቀኑን ጨርሶ ቤቱ ይገባል፣ እሷም እንደ ወትሮዋ እራት ታቀርብለታለች፣ ሁለቱም ዝም እንደተባባሉ ይኖራሉ።

ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ።

"አባቷ ነኝ" አለ። "ግንዲላ የሚላት።"