ሠላሳ የማይሞላው ድምፅ

በስልኩ የሚመጣው ድምፅማ የባሏ ነው፣ ማን ይክዳል፣ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ሲመጣ የሚሻክረው ያው ጉሮሮ፣ አይኔ ብሎ የሚጠራትም እሱ ብቻ ነው፣ ልጁን ይዘሽ ቁሐር ሚካኤል ነይ ይላል፣ አንለይ ታንኳውን ይዞ አጠገብሽ የለ፣ ያሻግርሽ፣ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው፣ አጠገቧ መኖሩንስ ማን ነገረው፣ ውሃ ዳር መቆሟን ማን አየላት፣ ስልኩ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል፣ ወይስ እዚህ ነው፣ ፎገራ በነሐሴ መሬት አይደለም፣ የሩዙ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ሜዳው ሁሉ ሰማይ ለብሷል፣ ጉሙም ከጧት ጀምሮ አልተነሣም።

ቁጥር። መጀመሪያ ቁጥር ትጥራ።

ይህን ያስያዛት ራሱ ነው፣ ባሏ መሪጌታ ባየህ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምረው፣ ጾሙ የሚገባበትን ቀን ከራሱ ቀምሮ የሚናገረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ወስደውት ማን እንደወሰደው የሚናገር የጠፋው። እሱ ሳይወሰድ በፊት፣ የአንበሳሜዋን ብርክቲን አጋቾች በባሏ ድምፅ የጠሯት ሰሞን ነበር፣ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም፣ ቤቷ ተከፍቶ ዶሮ ይገባል ይወጣል፣ ያኔ ነው ባየህ ስሚኝ ያላት፣ ድምፅ ይሰረቃል፣ ሰውም ተገድዶ ይጣራል፣ እንግዲህ ስደውልልሽ አንድ ቁጥር ጥሪ፣ ሠላሳ የሚሞላውን እመልስልሻለሁ፣ ሰባት ካልሽ ሃያ ሦስት፣ አሥር ካልሽ ሃያ፣ አንዴ የጠራሽውን ደግመሽ አትጥሪ፣ የሰማ ሁሉ መልሱን ይይዘዋል። ለምን ሠላሳ አለችው፣ አጽዋማት የሚቀመሩባቸው አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ ናቸዋ፣ አንዱን የያዘ ሌላውን ያውቃል፣ ከሠላሳ ወዲያ መሄጃ የለም፣ ሞላ ማለት አልቦ ሆነ፣ እንደ ወር ይዞራል። አልቦ ደግሞ ምንድን ነው፣ ባዶ ነዋ፣ ታዲያ ባዶ አትልም፣ ግዕዙን ለተማሪዎችህ። ሳቀ። ኋላ ሳቁን ተወው። የዓመቱን ቀመር፣ ወንበር የምንለውን፣ ስናወጣ ያላለቀው ዓመት አይቆጠርም፣ አንድ ይነሣል፣ እኔም በሰው እጅ ከወደቅሁ አንድ እያነሣሁ እመልሳለሁ፣ አንድ ከጎደለ አትምጪ፣ ብለምንሽ አትምጪ፣ ባለቅስም።

እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ያቅታል።

እንደሱ ከራሷ አትደምርም፣ መሠረተ ትምህርቱ ስሟንና ቁጥርን አስይዟት ቀረ፣ ስለዚህ ሠላሳ የሩዝ ፍሬ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትዞራለች፣ ስታቦካም ስታርምም ቋጠሮው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ልጇ መባ ጀርባዋ ላይ፣ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ልጅ።

ነይ ውጪ እንጂ ይላል ሽማግሌው አንለይ ከታንኳው ላይ፣ የመሪጌታ ሚስት መሆንሽን ጉማሬው አያውቅልሽም። ትንሽ ይታገሡኝ አያ አንለይ።

አሥራ አንድ፣ ትላለች ወደ ስልኩ።

ከስልኩ ወዲያ የሚተነፍስ አለ፣ የባየህ አተነፋፈስ አይደለም፣ ወይስ ነው፣ ሰው የባሏን ትንፋሽ በስልክ እንዴት ይለያል። አሥራ ስምንት ይላል ድምፁ። ቋጠሮውን ትፈታለች፣ ጨርቁ ረጥቧል፣ አሥራ አንዱን ወዲያ ትገፋለች፣ የቀረውን በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ አሥራ ስምንት። ልክ ነው። እመቤቴ። አራት ትላለች፣ ሃያ አምስት ይላታል፣ መልሳ ትቆጥራለች፣ ሃያ አምስት፣ ልክ ነው፣ እሱ ነው፣ ተፈቷል፣ ስልኩን ሳትዘጋ ታንኳው ላይ ትወጣለች፣ የታንኳው ደንገል ከሥሯ ይቃትታል፣ አንለይ በዘንጉ ይገፋል፣ ዳሩ ወዲያው ይጠፋል፣ እንዲህ በአንዴ መጥፋቱ።

መባ ያስለዋል። ጀርባዋ ላይ ያንቀዋል፣ አንቀልባውን አዙራ ወደ ደረቷ ታመጣዋለች፣ ጣቷን አፉ ውስጥ ታስገባለች፣ ምን ዋጥህ አንተ፣ ምን አገኘህ፣ ድዱ ላይ የተጣበቀ ነጭ ነገር፣ ግማሹ የታኘከ።

ሩዝ።

አንዲት ፍሬ።

ሃያ ዘጠኝ ነው እንግዲያ ስትቆጥር የቆየችው፣ አሥራ አንድና አሥራ ስምንት ሃያ ዘጠኝ፣ አራትና ሃያ አምስት ሃያ ዘጠኝ፣ የሷም ጎደለ የድምፁም ጎደለ፣ ጉድለት ጉድለትን ከድኖት ሙሉ መሰለ፣ ዛሬን ቀን ጠብቆ ይህ ልጅ። ምናልባት ባየህ ተሳሳተ፣ ርቦት፣ ደክሞት፣ ባየህ በቁጥር አይሳሳትም። ምናልባት ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ሰው ቢገምት አንዴ በሦስት አንዴ በአምስት ይስታል፣ ሁለቴም በአንድ ብቻ የሚሳሳት ግን ሠላሳን የሚያውቅ ነው።

ሠላሳ፣ ትላለች።

አልቦ በለኝ፣ ትላለች በልቧ። ነፃ ከሆንህ አልቦ ትላለህ፣ አልቦ በለኝ ባክህ።

ቶሎ በል ይላል አንድ ሌላ ሰው በስልኩ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ውሃው ይንቦጫረቃል። ከባዶ ላይ አንድ ሲነሣስ ብላ ጠይቃው ነበር አንድ ቀን፣ ከሌለ ላይ ምን ይነሣል ብላ ልትስቅበት፣ ይዞራል ነው ያልሁሽ አላት፣ ወደ ኋላ ይዞራል።

ሃያ ዘጠኝ፣ ይላል ድምፁ።

ይህን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ነው። አለ፣ በሕይወት አለ፣ አለና አትምጪ እያላት ነው።

ጉሙ ፊት ለፊት ይሳሳል፣ ነጭ የለበሰ ሰው ውሃው ጫፍ ቆሟል፣ እጁን አያነሣም፣ ከኋላው ደግሞ ዛፍ ይሁኑ ሰው የማይለዩ ነገሮች፣ መባ እጁን ዘርግቶ አባ ይላል፣ አፉን በመዳፏ ትይዘዋለች፣ አንለይን በዓይኗ ትለምነዋለች፣ ሽማግሌው ያንን ሰው አየው፣ እሷን አያት፣ ዘንጉን በሌላው ጎን ያጠልቃል፣ ታንኳው አፍንጫውን ቀስ አድርጎ ይመልሳል።

አይኔ፣ መጣሽ፣ ይላል ስልኩ።

መጣሁ ትላለች፣ የተነሣችበት ዳር እስኪታያት፣ እሱን እንዳይነኩት፣ መጣሁ፣ መጣሁ፣ የታኘከችውን ፍሬ ከሌሎቹ ጋር መልሳ እየቋጠረች፣ መጣሁ