ሽቅብ የወጣው አፈር

ሸዋረግ የወረደ አፈሯን ልትመልስ ተነሳች ሲባል ከዳባት ማዶ ያለው መንደር በሙሉ ሳቀ። ሳቁም አይፈረድበትም፤ አፈር ሽቅብ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?

ድሮ እያካፋ ያጠግብ የነበረው ክረምት ዛሬ ጠባዩ ተለውጧል። ዘግይቶ ይመጣና የወሩን ዝናብ በአንድ ከሰዓት ይገለብጠዋል። አምና የሸዋረግን ማሳ እንደ ቆዳ ገፎ፣ ጥቁሩን አፈር ከታች ካለው ከአያ ባዬ መሬት ላይ አሳደረው። ለእሷ ድንጋዩ ቀረላት። ዘንድሮ ገብስ ካላበቀለች መሬቷን ትታ ጎንደር ልጇ ከተጠጋችበት ዘመድ ቤት መግባቷ ነው፤ የሰው ቤት ጥገኛ መሆን ደግሞ ለሸዋረግ ከሞት አይሻልም።

«አያ ባዬ፣ አፈሬን ይመልሱልኝ።»

«በእግሩ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንዴት ላባርረው?»

«ምነው፣ እንግዳ መጣ ተብሎ ይታረሳል?»

ሽማግሌው ሳቅ አሸነፋቸው። «ባቄላዬን የቀበረውን ከዳር ከዳር ውሰጅ። ተሸክመሽ ከጨረስሽው እመነኩሳለሁ!»

ጎንደር የምትማረው ልጇ ፅዮን ለፋሲካ ስትመጣ እናቷን እንቅብ ሙሉ አፈር ተሸክማ ዳገት ላይ አገኘቻት።

«እማ፣ ይኼ እኮ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የተሰበሰበ ይበተናል፣ የጋለ ይበርዳል፣ የወረደ በራሱ አይወጣም። ኢንትሮፒ ይሉታል።»

«በራሱ?»

«በራሱ። በጉልበት ይወጣል፤ ግን ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ከገላሽ ይበተናል፣ እሱ አይመለስም። ጠቅላላው ሲታይ መበተን ያሸንፋል።»

ሸዋረግ እንቅቡን አውርዳ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጇ የዋሸቻት አልመሰላትም፤ ወገቧ ራሱ ምስክር ነው።

«ያሸንፋ! የኔን ማሳ ግን ሳይታገል አይወስዳትም። ነይ በወዲያ ያዥ፤ ያንችም ሙቀት ይበተን።»

የቀረውን በጋ ድንጋይ ደርድራ እርከን ሠራች፤ ከእርከኑ ጀርባ አፈሩን ሞላች፤ ገብሷንም ዘራች። ቡቃያው ጣት ሲያክል ሰማዩ ተዘረገፈ። ሸዋረግ ባዶ እንቅቧን ራሷ ላይ ደፍታ ወጣች። እርከኑ አቃሰተ እንጂ ቆመ፤ በአንድ ጥግ ብቻ ተናደና ጥቂት አፈር ከነቡቃያው ይዞ ቁልቁል ነጎደ።

«ሸዋረግ!» አሉ አያ ባዬ ከታች፣ ዝናቡን በጩኸት እየበለጡ። «እንግዳው መጣልኝ!»

ድንጋይ አንስታ በተናደው ቦታ እየሰካች መለሰችላቸው፦

«ደኅና አድርገው ያሳድሩልኝ! ሲያባራ እወስደዋለሁ!»