የቅዳሜ ሸሚዞች

ባሌ አስተናጋጅ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ያገባው እኔን ነው፣ ሸሚዞቹ ግን እስከ ዛሬ ከእናቱ ቤት አልወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ በፌስታል ጠቅልሎ ይወስድላታል፤ አመሻሽ ላይ በረዶ መስለው፣ ተተኩሰው ይመለሳሉ። "እማዬ ስታነጣ እኮ!" ይላል ኮሌታውን እያሻሸ። እኔ ሳበስልለት፣ አንሶላውን ሳጥብ፣ የጠፋ ካልሲውን ስፈልግ እንዲህ አይልም። ቅናት ነው፤ ስሙን አላሳምረውም። በሰባ ዓመት ሴትዮ ቀናሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተረኛ ሆነና ሸሚዞቹን ሳይወስድ ወጣ። እሰይ አልኩ። ሦስት ናቸው። አንዱን መታጠቢያ ቤት ሳፋ ውስጥ ጣል እንዳደረግኩ የውጭው በር ተንኳኳ። አማቴ!

"ልጄ ሳይመጣ ሲቀር ጊዜ ሸሚዞቹን ልውሰድ ብዬ ነው።"

"ይቀመጡ፣ መጣሁ" ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ከውስጥ ቆለፍኩ። የበረኪናው ሽታ ወጥቶ እንዳያሳብቅብኝ መስኮቱንም ዘጋሁ። በረኪናውን ውሃ ጠብ ሳላደርግበት ኮሌታው ላይ አንቆረቆርኩት። እሱም አልበቃኝም። ጎረቤቴ አቼቶ ያነጣል ስትል ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ከተረዳዱማ አማቴን አፈር ድሜ ያስግጧታል ብዬ አቼቶውን ከላይ ደፋሁበት።

ወዲያው ዓይኔ በእንባ ተሞላ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ሳሉ አጎነበሰኝ። ቁልፉ ጠፋኝ።

"ክፈቺ! አንቺ ልጅ፣ ክፈቺ!" በሩን ትደበድባለች። ወደ ድምጿ እየዳበስኩ ከፈትኩ። ክንዴን ጎትታ በረንዳ ላይ አወጣችኝና የቤቱን መስኮቶች አንድ በአንድ በረጋገደቻቸው።

"ከምን ጋር ነው የቀላቀልሽው?"

"ከአቼቶ።"

"ልትሞቺ ነው? በረኪና እኮ ከውሃ በቀር ከምንም አይቀላቀልም! አየሩ መርዝ ነው የሚሆነው። ለሸሚዝ ብለሽ?"

"'እማዬ ስታነጣ' እያለ ሲያሳርረኝስ!" አመለጠኝ።

ሳቀች፤ ቶሎ ግን ተወችው። "እኔ ደግሞ ባንቺ እቀናለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ካንቺ ጋር ነው። ሸሚዙ ባይኖር ቅዳሜ ምን ብሎ ይመጣል?"

ሳሌ እስኪበርድ፣ ቤቱም እስኪናፈስ እዚያው ተቀመጥን። በኋላ ሳፋውን በብዙ ውሃ ደፋነው። የመጀመሪያው ሸሚዝ ኮሌታው ተበልቶ አልቆለታል።

"ሁለቱን አንቺ እጠቢ፣ እኔ ልንገርሽ" አለች። ጓንት አስጠለቀችኝ። ሸሚዙ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በጠርሙሱ ክዳን ተለክቶ በረኪናው፣ ከተማሰለ በኋላ ሸሚዙ። ጥቂት ቆይቶ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። "ነጭ ጥጥ ብቻ፤ ሱፍና ሐር እንዳታስነኪ።" አንድ ነገር ሳትደብቅ አስተማረችኝ። ይሄም አስቀናኝ፤ እኔ ብሆን አንዷን እደብቅ ነበር።

ባሌ ሲገባ አማቴ አልሄደችም ነበር። ሸሚዞቹ ገመድ ላይ ሆነው ዓይን ይወጋሉ።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል ያጠብሻቸው? ያስታውቃል እኮ!"

የኔ እጅ ነው፣ የኔ! ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አማቴ ቀና ሳትል ጓንቱን እያጣጠፈች "ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ሚስት..." ብላ ጀመረች።

"እሷ ናት" ብዬ ቀደምኳት። "እኔማ አንዱን አቃጥዬብሃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተው ውሰድላት፤ እስኪደርቁ ድረስም እዚያው ቁጭ በል" አልኩት፣ እየበገንኩ።