ለደሳለው የተቆፈረው

ሚኒባሱ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ መንደሩ ሲታጠፍ ደሳለው በመጀመሪያ ያየው ድንኳኑን ነው።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ፣ ራሱን ከልጁ ከየኔአለም ትከሻ ላይ ቀና አድርጎ።

የኔአለም በመስኮቱ አሻግራ አየች። ድንኳኑ የተተከለው በራሳቸው ደጅ መሆኑን እሷም ገና አሁን ማየቷ ነበር።

"እናትሽ እንዳትሆን!" አለ ደሳለው። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም መንገዱን ሙሉ ያላንቀሳቀሰውን እጁን ዘርግቶ የፊቱን ወንበር ጨመደደ።

ሴቶቹ መኪናውን ሲያዩ እሪ ብለው ሮጡ። "ደሳለው! ወይኔ ደሳለው!" እያሉ ነበር። ከፊት የቀደመችው ጎረቤታቸው ፈይዛ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ከራሱ ከደሳለው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመች። 

"አያ ደሳለው... አለህ?"

"አለሁ። ምን ሆናችሁ?"

"ቢስሚላሂ!" አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳለው ደሴ ልጁ ዘንድ ሄዶ ሲታከም ከርሟል። ትናንት የኔአለም ለፈይዛ ደውላ "አባዬ በጣም ደክሞታል፤ ነገ መኪና ይዤ አመጣዋለሁ። ለእማዬ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ" አለቻት። ከዚያ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። በዚህ አገር ደግሞ ሰው ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። ደከመው ይባላል፤ ይዘነው እየመጣን ነው ይባላል፤ ለእናትየው ቀስ ብላችሁ ንገሩ ይባላል። ፈይዛ ምን ታድርግ? ሰምታ አልቅሳ፣ የእድሩን ዳኛ ጠርታ፣ መርዶ አስነገረች። የኔአለም አንድም ቃል አልዋሸችም። ስምንት ዓመት ደሴ ኖራ የአገሯን ወግ ስለረሳች ብቻ አባቷን ገደለችው።

ደሳለው ከመኪናው ሲወርድ ሚስቱ በዛች ከድንኳኑ ወጣች። ግንባሯን ቧጥጣው ደም ደርቆበት ነበር። መጥታ የባሏን ኮት ያዘች፤ ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ እቅፍ አድርጋ ጮኸች። ደሳለው ሁለቱንም ተቀበለ። ግፊያው ሆዱን ቢያሳምመውም አላስለቀቃትም።

ቤት ድረስ የሚሄድበት አቅም ስላልነበረው እዚያው ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ምን እንደሚባል ጠፋበት። እንኳን ለቤትህ አበቃህ የሚል አለ፤ ዓይኑን የሚያሸሽ አለ። አንዷ ሴት ግራ ገብቷት ለለቀስተኛ ሁሉ እንደምታደርገው ንፍሮ በሳህን አቀረበችለት። ደሳለው ጥቂት ፍሬ አንስቶ ቆረጠመ።

"ጨው አንሶታል" አለ።

ሳቁ ከየጥጉ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም አፍሮ አፉን ሸፈነ። ቀድመው የተናገሩት የነፍስ አባታቸው ቄስ ቃለ ክርስቶስ ናቸው።

"እንግዲህ ጉድጓዱን ምን እናድርገው?"

"የምን ጉድጓድ?" አለ ደሳለው።

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። እሱና ደሳለው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእድሩ መቃብር የቆፈሩ ባልንጀሮች ናቸው። "ካባትህ እግር ሥር ነው" አለ። "ከንጋት ጀምረን ነው። አለቱ አላስኬድ ብሎን ሁለት ዶማ ሰበርን።"

"አሁኑኑ ይደፈን!" አለች በዛች። "ባዶ ጉድጓድ አያድርም፤ ሰው ይጠራል። አለቱንም ድንጋዩንም መልሳችሁ፣ ዳግመኛ እንዳይከፈት አድርጋችሁ ድፈኑልኝ! ነገ ጠበል እንሄዳለን።"

"ለምን ይደፈናል?" አለ ደሳለው። ድምፁ ቀጭን ነበር። "ሐኪሙ ያለኝን ልንገራችሁ? አንድ ወር፤ ከበዛ ሁለት። ጉበቴ አልቋል። እነዚህን ሰዎች አንዱን አለት ሁለቴ ልታስፈልጫቸው ነው?"

የኔአለም ፊቷን አዞረች።

"አፍህን ዝጋ!" አለች በዛች። "በሞቴ፣ ዝጋ!"

"ወስዳችሁ አሳዩኝ።"

ሕመምተኛን ማን ይከራከራል? በቄሱ በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ ቢያድግልኝ ከአንድ ጎን ፈይዛ ከሌላው ጎን ደግፈውት ወደ ጊዮርጊስ ወሰዱት። ፈይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ላይ ቀረች። በዛች እያጉረመረመች ከቄሱና ከሌሎቹ ቆፋሪዎች ኋላ ተከተለች።

ደሳለው ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሎ በባለሙያ ዓይን አየው። የግራው ጎን ጠመም ብሏል። ጥልቀቱ ግን ደህና ነው፤ ጥቁሩን አለት ሰንጥቀው ነው የወረዱት። ቢያድግልኝን አየና "በርትታችኋል" አለው። ቢያድግልኝ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ቄሱንና ቆፋሪዎቹን ይዞ ፈንጠር አለ።

ደሳለው የቄስ ልጅ ነው፤ ዳዊት ደግሟል፣ ዲያቆን ሆኖም አገልግሏል። አንድ ቀን ተነስቶ አልካደም። ጾም አልገደፈ፣ ቅዳሴ አላስታጎለ። ነገር ግን አሮጌ መቃብር ሲከፈት አጥንቱን ለቅሞ ጥግ የሚያስይዘው እሱ ነው፤ የአባቱን፣ የአክስቱን፣ የስንቱን። ታናሽ ወንድሙን ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በዶማው አገኘው። ያ ወሬ የማይሰለቸው፣ ሰርግ ቤት ገብቶ ማለዳ ድረስ የሚያስቅ ወንድሙ! ደሳለው አጥንቱን ይዞ ቆይቶ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ እንኳ በቅጡ አያውቅም። እዚህ የለም፤ ሌላ ቦታስ አለ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ በየቀብሩ ያንኑ እየጠየቀ ኖረ፤ መልስ ሲያጣ መጠየቁም ደከመውና ተወው። ለማንም አልተናገረም።

"ጠበል አልሄድም፣ በዛች" አለ።

"ለምን? ስንቱ ድኖ የለ?"

"የዳነ ይዳን። እኔ የቀረችኝን ቀን ከሰው ጋር እየተጋፋሁ፣ ድንጋይ ላይ ተኝቼ አልጨርሳትም። ገብሱ እያሸተ ነው። ደጄ ላይ ልቀመጥ።"

"እንዲህ ያለ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? ንስሐም አትገባ?"

"ለአባ የበደልኩትን እናገራለሁ፤ መቼም ሰው ሳይበድል አይኖርም። አንቺን መዋሸት ግን ሰለቸኝ።"

"ምኑን ነው የዋሸኸኝ?"

ደሳለው ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከዚህ ጉድጓድ ወዲያ ነገር ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ካሰብኩ ቆየሁ።"

በዛች ቀስ ብላ ተቀመጠች። እሳቱንና ሲኦሉን ታነሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላነሳችም።

"እኔንስ?" አለች። "አታገኘኝም ማለት ነው?"

ውሸቱ አፉ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ በዛች ሰምታ ብትተኛባት ምን ነበረበት? ግን እሷ አርባ ዓመት ያየችው ፊት ነው፤ ታውቅበታለች።

"አላገኝሽም።"

"ምስክርንስ?" አለች። በአራት ዓመቱ የሞተባቸው የበኩር ልጃቸው ነው። "በገዛ እጅህ ነው የቆፈርክለት። እዚያች ዛፍ ሥር ነው ያለው። እሱንም የለም ልትለኝ ነው?"

"እኮ ለዚህ ነው ስንት ዓመት ዝም ያልኩት። እሱን ካንቺ አልወስድም። አንቺ እመኚ፣ ጠብቂው። እኔን ግን እዚህ እምነት ውስጥ አምጥተሽ አታስገቢኝ፤ አልቻልኩም። ደክሞኛል።"

በዛች አለቀሰች፤ ይህኛው ልቅሶ ድምፅ አልነበረውም። ደሳለው እጁን ጉልበቷ ላይ አኖረ።  እንዲህ ባልተናገርኩ አለ በልቡ፤ ደግሞ በመናገሩ ቀለለው።

"ታዲያ አትፈራም?" አለችው።

"መሞቱን ብዙም አልፈራ። መለየቱ ነው የሚያንገበግበኝ። ወዲያ ማዶ የሚጠብቀኝ የለማ። ያለኝ እናንተው ናችሁ፤ አንቺ፣ የኔአለም፣ ይሄ ባለጌ ቢያድግልኝ።"

ቢያድግልኝ ስሙን ሰምቶ ቀና አለ። ፀሐይዋ ወደ ወለቃ ወንዝ በኩል አዘቅዝቃ፣ ንፋሱ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። ወደ ማኅሌት የሚገቡበት ቀን ነው፤ ግን መቸኮሉን አልፈለጉትም።

በዛች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አንተ የፈለግኸውን እመን" አለች። "እኔ ግን ይሄ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ እያለ ከጎንህ ተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። በየቀኑ ትንፋሽህ አለ የለም እያልኩ እስከመቼ? አልችልም፣ ደሳለው።"

ደሳለው የተቧጠጠ ግንባሯን አየ። ባዶ ጉድጓድ ማንንም እንደማይጠራ ከሱ በላይ የሚያውቅ በአገሩ የለም። ግን አንድ ወር ሙሉ ሳትተኛ እንዴት ትከርማለች? ከሱ በኋላስ በምን አቅሟ ታለቅሳለች?

"ቢያድግልኝ!" ብሎ ተጣራ። "ና፣ ድፈኑት።"

ሰዎቹ አካፋቸውን ይዘው መጡ። ቄሱ እፎይ ብለው አማተቡ። "ደግ አደረግህ" አሉት። "እግዜር ምሕረቱን ያምጣልህ።"

"አሜን፣ አባ" አለ ደሳለው፤ እሳቸውን ለማስከፋት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ከዚያ ወደ ቢያድግልኝ ዞረ። "ድንጋዩን ግን እንዳትመልሱ። ለይታችሁ ከዳር ከምሩት። የምትመልሱት አፈሩን ብቻ ነው።"

"ይጎድላል እኮ።"

"ይጉደል። የላላ አፈር ለመክፈት ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም።"

ቢያድግልኝ አካፋውን እንደያዘ ቆመ።  ሁሉም ያየው በዛችን ነው፤ አለቱም ድንጋዩም ይመለስ፣ ዳግመኛ እንዳይከፈት ይደረግ ብላ የጮኸችው እሷ ናትና። እሷ ባሏን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ዛሬ ገና አየችው።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ አፈርና ድንጋይ ተደባልቆ ወደተከመረበት ሄዳ ጎንበስ አለች፤ አንድ ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጇ አንስታ ከዳር አስቀመጠች። ተመልሳ ሌላ አነሳች።