የኮክ ሽታ

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ ወደ መጨረሻው ላይ ቆጥቋጣ ሆነው ነበር» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ። ሹክሹክታዋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከስፌት መኪና ድምፅ በላይ ስታወራ የኖረች ሴት ሹክሹክታ ነውና ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ሰማው። «አንዲት ጠርሙስ ማርማላታ! በየዓመቱ ከእትዬ እጅ የምቀበለውን፣ ዓምና በር ላይ ቆመው ‹አልቋል› አሉኝ። መደርደሪያው ሞልቶ በዓይኔ እያየሁት!»

የሟች ሚስት ከሶፋው ጥግ ሆና ሰማች። ሐዘኑ ሳያንሳት ሐፍረት ተጨመረባት። ዕድሜውን በጭነት መኪና ሲዞር የኖረ፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሳይጭን የማያልፍ፣ አንድ ክረምት ካፖርቱን አውልቆ ለረዳቱ ሰጥቶ እየተንቀጠቀጠ የገባ ሹፌር በቆጥቋጣነት ሊነሳ ነው? የከፋው ደግሞ ልብስ ሰፊዋ አልዋሸችም።

እሷም ዓምና ተጣልታዋለች። «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ኮኩ የግቢያችን፣ ድካሙ የኔ፣ ስስቱ ያንተ!» ስትለው፣ ዳቦውን በደንብ እየቀባ «ጣፍጦኛል፤ ለማንም አልሰጥም» ይላታል። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን አንድ ቀን «ጣፈጠኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው! ተናዳበትም ደስ ብሏት ነበር። በየማለዳው እየበላ ከጥቂቱ በቀር ያን ሁሉ ጠርሙስ ለብቻው ጨረሰው።

ግቢ ውስጥ አንድ ኮክ ዱብ ሲል ተሰማ። ዘንድሮም ደርሷል፤ በሐዘን መሐል ግን ማን ለቀማ ያስባል?

ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ልጇ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ዳቦ ቁረጪ። የተረፉ ጠርሙሶች አሉ። ለሰው ሁሉ አቀርባለሁ፤ አባትሽ በስስት ስሙ አይነሳም።»

ልጅቷ ክዳኑን በግድ ከፈተችው። በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችና አፏን አጣመመች።

«እ?»

«ደህና ነው፣ እማዬ። ግን... ለኛ ይቅር። ለማንም ባንሰጠው።»

እናትየው ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች። ምንም የለም። ዓምና ኮኩ ሳይደርስ ከያዛት ክፉ ጉንፋን ወዲህ ሁሉም ነገር እንደዚያው ነው፤ ሽታው ጠፍቶ ጣዕሙንም ይዞባት ሄዷል። ለማንም አልተናገረችም። እንዴት ብላ ትናገር? ሌላው ሰው ኮኩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲመረምር፣ እሷ በዛፉ ሥር አልፋ «ነገ ከሰዓት ይለቀም» የምትል ሴት ነበረች። ማርማላታውንም ሽታው ሲለወጥ ነበር ከእሳት የምታወርደው። ሰፈሩ ያወቃት በአፍንጫዋ ነው። ይመለስልኛል ብላ ዝም አለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። በአባትሽ አፅም!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «አርሯል፣ እማዬ። ክፉኛ አርሯል። ይመራል።»

እናትየው በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አለች። ዓምና ማርማላታው እሳት ላይ ሳለ ባሏ ከግቢ ሮጦ ገብቶ መስኮቱን ሁሉ የከፈተው ለካ ለዚህ ነው። በትኩሱ ቀመሰ፤ ከዚያ «ይሄንንስ ለማንም አልሰጥም» አለ። ማንኪያ አጥቦ የማያውቅ ሰው ያን ትልቅ ድስት ራሱ ሲፈገፍግ አመሸ። እሷ ደግሞ «ባሌ በስተርጅና ሥራ ጀመረ» ብላ ለሰው ሁሉ አወራች።

ዘንድሮም ኮኩ መብሰል ከጀመረ ወዲህ በየማለዳው በር ላይ ቆሞ «ኮኩ ሸተተኝ፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ዛሬ ሳይደርስ አይቀርም» ይላት ነበር። ከናፍጣ በቀር ሽታ የማያውቅ ሰው! ጡረታ ወሬኛ አደረገው ብላ ስቃበታለች። እስከሞተበት ቀን ዋዜማ ድረስ ሲነግራት ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ሁሉንም ያውቅ ነበር።» እንባዋ መጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጠርሙሱን መልሳ፣ «አልቋል» ብላ፣ እንደ ኮራች መኖር ትችላለች። ስሙ ግን እንደቆሸሸ ይቀራል።

ጠርሙሱን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ፊት አስቀመጠችው።

«የከለከለሽ ይሄን ነው። ቅመሺ።»

«ኧረ እትዬ! እኔ እኮ እንዲያው ለጨዋታ...»

«ቅመሺ ብዬሻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ቶሎ ብላ ልታስተካክለው ሞከረች። «ይ... ይጣፍጣል።»

«አትዋሺ፤ ለመዋሸቱ እሱ በቂ ነበር። እኔ ነኝ ያሳረርኩት። ማሽተት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሰው እንዳይስቅብኝ ብሎ ምሬቱን ለብቻው ሲበላልኝ ከርሟል።»

ልብስ ሰፊዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ግቢ ውስጥ ሌላ ኮክ ወደቀ። የሟች ሚስት በሩን ከፍታ ወጣች፤ ልብስ ሰፊዋም ተነስታ ተከተለቻት። ባለሐዘኗ ከታችኛው ቅርንጫፍ አንድ ኮክ ቀጠፈች። ከልማድ የተነሳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ኮኩን ልብስ ሰፊዋ አፍንጫ ሥር ያዘችው።

«እስቲ አሽቺልኝ» አለች። «ደርሷል?»

መልሱ እስኪመጣ እጇን አላወረደችም።