ከስድስቱ መስመሮች በስተኋላ

ሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃምሳ። በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር የቆመውን አምቡላንስ ዝናብ ይደበድበዋል። በውስጡ የጤና ጣቢያው ሐኪም ሩሐማ በተኛው በጀምስ ደም ሥር የሚንጠባጠበውን የመድኃኒት ከረጢት በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ሰማዩን ታዳምጣለች። አውሮፕላኑ የሚጠበቀው በአምስት ሰዓት ነው።

ጀምስ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው በጋ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ፣ በዘመዶቹ መካከል፣ ግንባሩ ላይ የተቆረጡት ስድስት የወንድነት መስመሮች ዛሬ እብጠቱ ወጥሯቸው ያብረቀርቃሉ። የግራ ዓይኑ ተከድኗል። ጧት እናቱን በእህቱ ስም ይጠራት ነበር፤ አሁን ማንንም አይጠራም።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ወደ ጤና ጣቢያው የመጣው በእግሩ ነበር። ሩሐማ እብጠቱን አየች፤ መስመሮቹን አየች፤ ከዚያ ወዲያ አላየችም። ካርዱ ላይ «የምላጭ ቁስል መመረዝ» ብላ ጻፈች።

«ቁስሉ ድሮ ድኗል» አለቻት እናቱ ኛኬር። «ባሮ ሲዋኝ ከርሞ ጉንፋን ያዘው። ከዚያ ራሱን፣ ራሱን ይላል። ሲያጎነብስ ያለቅሳል።»

«እናቴ፣ ልጅን በምላጭ እየተለተሉ ጉንፋን ነው ማለት ምንድን ነው?»

ጀምስ ግን ሳቀ። ያ መስመር ሲቆረጥለት ወንድ ዓይኑን እንኳ ማርገብገቡ ነውር ነው። «ዶክተር፣ ስድስቱን ሲቆርጡኝ ዝም ያልኩ ለአንቺ ጥጥ ላለቅስ ነው?» አላት። እሷም ሳቀች። ግንባሩን አጥባ፣ በፋሻ ጠቅልላ፣ ኪኒን ሰጥታ ሸኘችው።

ኮሌጅ ሳለች በቃል ፈተና ላይ መምህሩ ለሁለት የተሰነጠቀ የራስ ቅል በእጇ አኑረውላት ነበር። ከቅንድብ በላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ባዶ ክፍል አለ፤ ሳይነስ። ጥቅሙን ጠየቋት። የራስን ክብደት እንደሚያቀልል፣ የሚተነፈሰውን አየር እንደሚያረጥብ፣ ድምፅን እንደሚያስተጋባ፣ ግንባርን የመታ ኃይል አንጎል ሳይደርስ እንደሚያበርድ አንድ በአንድ ዘረዘረች። መምህሩ ቅሉን ወደ መስኮቱ አነሡት። የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ አንጎል ነው።

«ይህንንስ አየሽው?»

«አዎን» ብላ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ውጤት በሚጽፈው ብዕራቸው ላይ ነበሩ። ሙሉውን ሰጧት።

የገባት ትናንት፣ ዓይኑ ተከድኖ ተሸክመው ሲያመጡት ነው። መግሉ ከምላጩ አልመጣም፤ ከዚያ ባዶ ክፍል ነው አጥንቱን በልቶ የወጣው። ወደ ውጭ የወጣ ደግሞ ወደ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት የለም። ግንባሩን ከፍቶ የሚያጠራለት ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው።

«መጣ!» አለ ሾፌሩ ኻሊድ።

ድምፁ ከደመናው በላይ ነበር። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ኛኬር ከልጇ እግር ሥር ተነሥታ መዳፏን በመስኮቱ ላይ ለጠፈች። ሦስተኛ ይዞራል ብለው ሲጠብቁ ድምፁ ቀጠነ፤ ቀጠነና ዝናቡ ብቻ ቀረ።

የማረፊያው ሠራተኛ ጃንጥላውን እየታገለ ደረሰ። «ደመናው አላሳርፍ ብሎት ተመለሰ። ምናልባት ነገ።»

«ነገ የለውም» አለች ሩሐማ። ይህን ስትል ኛኬር መስማቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው። ዞራ አየቻት። «ኛኬር፣ አንቺ ነበርሽ ልክ። እኔ አልሰማሁሽም።»

ኛኬር የልጇን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ሳበች። «አሁን ሰምተሻል። ሂድ በይው፤ መኪናው ይሂድ።»

ኻሊድ መሪውን ጨበጠ። «በመቱ በኩል አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው ዶክተር፤ ዳገቱ ላይ ሊይዘን ይችላል። ሂድ ካልሽ ግን ቢስሚላህ ብዬ እነዳለሁ።»

«ሂድ።»

ሞተሩ ተነሣ። ሩሐማ ከረጢቱን ለኛኬር አቀብላ በመኪናው ወለል ላይ ተንበረከከችና ጣቶቿን በጀምስ መዳፍ ውስጥ አስገባች። መዳፉ ይፋጃል።

«ጀምስ፣ ዶክተር ነኝ። የጥጧ። ሳቅብኝ አልልህም፤ ጣቴን ብቻ ጨብጥልኝ።»

ጎማው ጭቃውን ፈንጥቆ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጠበቀች።

«ትንሽ ብቻ፣ ጀምስ። ጨብጠኝ።»